አሳላፊው ለምን ይቃጠላል?

በሪሞት የምትነዳ ትንሽ የጭነት መኪና ከውጭ ስትታይ የልጅ መጫወቻ ብትመስልም፣ ሽፋኗ ሲገለጥ በሆዷ ውስጥ የተቀመጡት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ባትሪው፣ ሞተሩና በሁለቱ መካከል ሆኖ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚመጥነው ኮንትሮለር፣ አንድን ትልቅ ሰው የአንድ ወር እንቅልፍ ለመንሳት የሚበቁ ናቸው። ሦስቱን እርስ በርስ የማጣጣሙ ሥራ በፋብሪካ ካላለቀ ለገዢው ይተርፋል፤ ገዢው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያጣጥመው ዋጋውን ከኪሱ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ከመኪናዋ የሚወጣው ጭስ የማንን ጥፋት እንደሚያመለክት ለማወቅ ሲቸገር ይታያል።

የዚህች መጫወቻ ታላቅ እህት በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በዝምታ ትንሸራሸራለች። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የተበራከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ ሦስት ወፍራም ሽቦ የሚገባለትና በኮንትሮለር የሚታዘዝ ሞተር የተሸከሙ በመሆናቸው ከመጫወቻዋ ጋር ዘራቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ትልቋን ፋብሪካው አጣጥሞና አሽጎ ስለሚልካት፣ ባለቤቷ ስለ አምፔር ሳይጨነቅ ስለ ቻርጅ ወረፋ ብቻ መጨነቁ ነው። የትንሿ ባለቤት ግን ራሱ ፋብሪካ፣ ራሱ መሐንዲስ፣ በመጨረሻም ራሱ ከሳሽና ተከሳሽ ይሆናል።

እንዲህ ያለችው መኪና በእውነት የምትፈተንበት ቦታ ቢፈለግ ከአያሃ የተሻለ በቀላሉ አይገኝም። አያሃ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ ዳርቻ ያለች፣ ከስደት የተመለሱና ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ሰዎች የሰፈሩባት፣ አያሃ አንድ፣ አያሃ ሁለት እየተባለች በቁጥር የምትጠራ መንደር ናት። ምድሩ አሸዋ፣ ኮረትና አቧራ እየተፈራረቁ የሚታዩበት ስለሆነ፣ በማስታወቂያ ሥዕሎች ላይ የሚታየውን እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ አስፋልት ያሰበ ኮንትሮለር ሁሉ እዚህ ሲደርስ አመሉን ይገልጣል። ከዚህም በላይ ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በመቀመጧ አየሯ ከባሕር ዳር አየር በአሥር ከመቶ በላይ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ የጋለ ብረት በማቀዝቀዝ ሰነፍ ነው። ወደ ወደቧ ከተማ ወደ በርበራ ወርዶ ጥቅጥቅ ያለውን የባሕር አየር ለመሻት ያሰበ ሰው ቢኖር፣ የበርበራ የሐሩር ወራት ሙቀት ከአየሩ ጥቅጥቅነት የሚገኘውን ትርፍ ሁሉ እንደሚውጠው አስቀድሞ ማወቅ ይበጀዋል።

ሐርጌሳ ስለ አለመጣጣም የምታውቀው የራሷ ነገርም አላት። ከተማዋ በመንገዱ ቀኝ በኩል ትነዳለች፤ ሆኖም ቪትዝን የመሳሰሉት አብዛኞቹ መኪኖቿ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች በመሆናቸው መሪያቸውም በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ሊቀድም ሲያስብ ከፊቱ ያለውን መኪና አልፎ መንገዱን ማየት የሚችለው እሱ ሳይሆን በግራው ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪ ይሆናል፤ ተሳፋሪውም ሒሳቡን ከፍሎ፣ በተጨማሪ ዓይኑን አበድሮ ይሄዳል። መሪና መንገድ ሳይጣጣሙ ከተማ በመተዛዘን ሊኖር ይችላል። ሞተርና ኮንትሮለር ግን መተዛዘን የሚባል ነገር አያውቁም፤ በመካከላቸውም ዓይን የሚያበድር ተሳፋሪ የለም።

ነገሩ እንዲገባ በቅድሚያ ስለ ሞተሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በድሮው ዓይነት ሞተር ውስጥ የሚዞረው የመዳብ ጥቅል ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ የሚደርሰው የዳይናሞ ሠራተኞች «ካርቦን» በሚሏቸው ሁለት ጥቁር ቁራጮች አማካይነት ነው፤ እነዚህም ከጥቅሉ ጋር የሚዞረውን የመዳብ ቀለበት እየታከኩ ሲኖሩ እየተበሉ፣ እሳት እየረጩና አቧራ እየሰበሰቡ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ፖርሽ 934ን በሪሞት የሚነዳ መኪና አድርጎ ለገበያ ሲያቀርብ በውስጧ የነበረው ይኸው ካርቦን የሚበላ ሞተር ነበር። ብራሽለስ የሚባለው፣ ማለትም ካርቦን የሌለው ሞተር፣ ነገሩን ገለበጠው፤ ጥቅሉ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ዝም ሲል የሚዞረው ማግኔቱ ሆነ። ካርቦኑ በመታከክ ይሠራው የነበረውን ተራ የማስያዝ ሥራ ትራንዚስተሮች እንዲሠሩት የሚያስችለውን ሐሳብ ዊልሰንና ትሪኪ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1962 ባቀረቡት ጽሑፍ አስረዱ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ኒዮዲሚየም የተባለው ብርቱ ማግኔት ስለተገኘ ሞተሩ አንሶ ጉልበቱ በዛ። ካርቦኑ ከሥራ ሲሰናበት ግን ሥራው አብሮት አልተሰናበተም፤ ሙሉ በሙሉ በኮንትሮለሩ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

የኮንትሮለሩን ኑሮ ለመረዳት የሻይ ቤት አሳላፊን ማሰብ ይጠቅማል። ምሳሌው በጠላ ቤት ቢሆን ለብዙ አንባቢ ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ሐርጌሳ ጠላ የማይጠመቅባት፣ በሄል፣ በቀረፋና በዝንጅብል የፈላ የወተት ሻይ የምትጠጣ ከተማ ስለሆነች በሻይ ይሁን። ባትሪው ማንቆርቆሪያው ነው፤ ሞተሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሦስት ደንበኞች ነው፤ ሦስቱ ሽቦዎችም ወደ ሦስቱ የሚወስዱ መንገዶች ናቸው። አሳላፊው በእያንዳንዷ ቅጽበት ለሁለቱ እያስተናገደ ሦስተኛውን ያስጠብቃል፤ ወዲያው ተራውን ይቀይራል፤ እንደገና ይቀይራል። ባለ አራት ዋልታ ሞተር በደቂቃ 24,420 ጊዜ ሲዞር አሳላፊው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 4,900 ጊዜ ያህል ተራ መቀየር ይኖርበታል። እንዲህ ያለ አሳላፊ በአንድም ሻይ ቤት ታይቶ አይታወቅም፤ ቢታይም ደመወዙን የሚችል ባለቤት አይገኝም።

ተራው የማን እንደሆነ በምን ያውቃል የሚለው ጥያቄ ደንበኞቹን በሁለት ወገን ይከፍላል። ሴንሰር ያለው ሞተር ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ ደንበኛ ነው፤ በውስጡ የተተከሉ ጥቃቅን የማግኔት ጠቋሚዎች ማግኔቱ ያለበትን ቦታ በቀጭን ሽቦ ስለሚናገሩ አሳላፊው አይሳሳትም። ሴንሰር የሌለውን ሞተር የሚያስተናግደው ኮንትሮለር ግን ተራውን የሚጠብቀው ሦስተኛ ደንበኛ ማንኪያውን በብርጭቆ ውስጥ ሲያማስል የሚሰማውን ድምፅ ያዳምጣል፤ ይኸውም የሚዞረው ማግኔት ኤሌክትሪክ ባልተላከበት ጥቅል ላይ የሚፈጥረው የመልስ ቮልቴጅ ነው። ድምፁ የሚሰማው መዞር ከተጀመረ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ መኪናዋ ቆማ ስትነሣ አሳላፊው የሚያዳምጠው ነገር አጥቶ ለአንዱ ሊቀዳ ሲል ሌላው ሲጠይቀው፣ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ መኪናዋ እንደ ብርድ ታማሚ ትንቀጠቀጣለች። ገበያው ይህን መንቀጥቀጥ እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል፤ ግን አዳማጭ አሳላፊ ያለ ድምፅ ሲጀምር የሚያሳየው የተለመደ መደናገር ነው። በአሸዋ ላይ ቀስ ብላ እንድትወጣ የምትፈለግ መኪና ሴንሰር ያለው ሞተርና ሴንሰር የሚያነብ ኮንትሮለር ቢኖራት ይሻላታል፤ አንዱ ኖሮት ሌላው ከሌለው ግን ቀጭኑ ሽቦ ሰሚ ያጣ አቤቱታ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ገበያው ሲገባ የመጀመሪያው ወጥመድ በሞተሩ ቅርፊት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። 3300 ኬቪ የሚል ጽሑፍ ያየ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ በእሱ ቋንቋ ኬቪ ማለት ኪሎ ቮልት ሲሆን፣ የሕዳሴ ግድብን ኃይል የሚያጓጉዘው ታላቁ መስመር እንኳ 500 ኪሎ ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ሞተር ስድስት ግድብ ተሸክማ እንደመጣች ያስቆጥራል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም ለኬቪ ስም ሲወጣለት መልአኩ ሌላ ሥራ ላይ የነበረ ይመስላል። በሞተር ላይ የሚጻፈው ኬቪ ሞተሩ ጭነት ሳይኖረው በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር እንጂ የቮልቴጅ መጠን አይደለም። ስለዚህ 3300 ኬቪ የተባለው ሞተር 7.4 ቮልት ቢሰጠው 3300 በ7.4 ተባዝቶ በደቂቃ 24,420 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

ሁለተኛው የገበያ እምነት ኬቪ በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይበረታል የሚለው ነው። ኬቪ የሚበዛው የመዳቡ ጥቅል ዙር ሲያንስ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ነገር ግን ከአንድ አምፔር የሚያወጣው የመጠምዘዝ ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። 2200 ኬቪ የሆነው ሞተር በአንድ አምፔር የሚሠራውን ሥራ 3300 ኬቪ የሆነው ለመሥራት አምፔር ተኩል ያስፈልገዋል። ኬቪው የበዛ ሞተር እንግዲህ ወሬው ከሥራው የቀደመ ሰው ይመስላል፤ ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ ሸክም ሲነሣ ግን አብዝቶ ይጠጣል።

ስሌቱ ወደ መሬት ሲወርድ ነገሩ ይጠራል። ከእውነተኛዋ በአሥር እጅ ያነሰች፣ የጎማዋ ዲያሜትር 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ መኪና ብትወሰድና በ7.4 ቮልት የሚሠራው 3300 ኬቪ ሞተሯ 12 ጊዜ ሲዞር ጎማዋ አንድ ጊዜ የሚዞር ቢሆን፣ ጎማው በደቂቃ 2,035 ጊዜ ይዞራል፤ ጎማው በአንድ ዙር 34.5 ሴንቲ ሜትር ስለሚጓዝ ፍጥነቷ በወረቀት ላይ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ለአያሃ ፍየሎች ከበቂ በላይ ነው። ገዢው ግን በወረቀት ረክቶ አያውቅም፤ ባለ ሁለት ክፍሉን፣ የ7.4 ቮልቱን ባትሪ አውጥቶ ባለ ሦስት ክፍሉን፣ 11.1 ቮልቱን ያስገባል፤ ወረቀቱም 63 ኪሎ ሜትር ይለዋል። ፍጥነቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲያድግ አየሩን ለመሰንጠቅ ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚያድግ ወረቀቱ አይነግረውም፤ የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ፣ ኃይሉ ደግሞ በኩብ ስለሚያድግ ነው። ቮልቱ በአንድ ተኩል ብቻ ስላደገ ቀሪውን አምፔር ይሸከመዋል፤ የአየሩ ድርሻ የሚጠይቀው አምፔር ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። በኮንትሮለሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ደንበኛው እጥፍ ጠጣ፤ አሳላፊው ግን አራት እጥፍ ላበ።

ከዚህ ስሌት አንድ የሚያስደስት ነገር ይወጣል፤ ብዙ ገዢ የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። 2200 ኬቪ የሆነ ሞተር 11.1 ቮልት ቢሰጠው የሚዞረው በደቂቃ 24,420 ጊዜ ነው፤ ይህም 3300 ኬቪ የሆነው በ7.4 ቮልት ከሚዞረው ጋር አንድ ነው። ፍጥነቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ያንኑ ሥራ ለመሥራት በሽቦው የሚያልፈው አምፔር ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ከግማሽ በታች ይሆናል። ቮልት እንደ ሻዩ ጥንካሬ፣ አምፔር እንደ ብርጭቆው ብዛት ቢታሰብ፣ ሻዩ ሲጠነክር የሚመላለሰው ብርጭቆ ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት ክፍል ባትሪ የሚያምረው ሰው አሳላፊውን ማሳረፍ ከፈለገ ኬቪውን ዝቅ ያድርግ፤ ሁለቱንም ከፍ ካደረገ ግን የሚያሳየው ፍቅሩን ለፍጥነት ሳይሆን ለአዲስ ኮንትሮለር ግዢ ነው።

በኮንትሮለሩ ጀርባ የሚጻፉት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ፣ ለምሳሌ 60 አምፔር፣ ያለማቋረጥ ሊያሳልፈው የሚችለው ነው፤ ሌላው፣ ለምሳሌ 360 አምፔር፣ ለቅጽበት ብቻ የሚታገሠው ነው። ሻጩ በጣቱ የሚጠቁመው ሁልጊዜ ትልቁን ነው። የሁለቱን ልዩነት ከማንም ይልቅ ሐርጌሳ በየቀኑ ታያለች፤ ከአወዳይ ተነሥቶ በጅግጅጋና በወጃሌ በኩል የሚመጣው ጫት እየደረቀ ዋጋው እንዳይወድቅ፣ የጫት መኪኖች መንገዱን በሌላ ጭነት ላይ በማይታይ ጥድፊያ ያቋርጡታል። ይህ ፍጥነት ገበያው ስለሚጠብቅ የሚገኝ የቅጽበት ፍጥነት ነው፤ ያንኑ ሹፌር በዚያው ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ ሲሚንቶ ያመላልስ የሚል አሠሪ ቢኖር ሹፌሩም መኪናውም አይከርሙም። 360 የተባለው ቁጥር የጫት መኪናው ነው፤ 60 የተባለው የሲሚንቶው ነው፤ መጫወቻዋም በአያሃ አሸዋ ላይ የምታመላልሰው በአመዛኙ ሲሚንቶ ነው።

አሳላፊው የሚቃጠልባት እውነተኛዋ ቅጽበትም ፍጥነት የሚታይባት አይደለችም። መኪናዋ ስትከንፍ ሞተሩ ራሱ የሚፈጥረው የመልስ ቮልቴጅ የባትሪውን ቮልት ስለሚመክት ፍሰቱ ልጓም አለው። ጎማዋ በሁለት ድንጋይ መካከል ተቀርቅሮ፣ ነጂው ሪሞቱን እስከ መጨረሻው ጨፍልቆ «ውጪ!» ሲላት ግን መዞር የለም፤ መዞር ከሌለ የመልስ ቮልቴጅ የለም፤ ፍሰቱን የሚገታው የመዳቡ እጅግ ትንሽ ተቃውሞ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሦስቱ ደንበኞች ብርጭቋቸውን ጥለው አፋቸውን ከማንቆርቆሪያው ጡት ላይ እንደገጠሙ ይቆጠራል። ሞስፌት የሚባሉት የኮንትሮለሩ ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች ይህን የሚችሉት ለአፍታ ነው። ጥሩ ኮንትሮለር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ያጠፋል፤ ነጂውም «ሞተች» ብሎ ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ይሰካና፣ ሊያርፍ የጠየቀውን አገልጋይ እንደገና ወደ ሥራ ይጎትተዋል። በኋላ ለሚወጣው ጭስ የሚከሰሰው ግን ኮንትሮለሩ ነው። የጠጣው ደንበኛ፣ ያዘዘውም ነጂ ሆነው ሳለ አሳላፊው ላይ መፍረድ በሻይ ቤትም የተለመደ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሙያ የቆዩ ሰዎች የሚከተሉት ልማድ ቀላል ነው፤ የሞተሩ ከፍተኛ ኃይል በዋት ይታያል፤ በባትሪው ቮልት ይካፈላል፤ በተገኘው አምፔር ላይ ከአንድ አምስተኛ እስከ ግማሽ ያህል ተጨምሮ፣ ያን ያህል ያለማቋረጥ የሚያሳልፍ ኮንትሮለር ይፈለጋል። 900 ዋት ለሚችል ሞተር በ11.1 ቮልት 81 አምፔር ይወጣል፤ 60 የሚለው ኮንትሮለር ለዚህ አይበቃም፤ 100 ወይም 120 የሚለው ይስማማዋል። ትልቅ ኮንትሮለር ከትንሽ ሞተር ጋር ቢገናኝ የሚጎዳው ኪስና ክብደት ብቻ ነው፤ ትንሽ ኮንትሮለር ከትልቅ ሞተር ጋር ሲገናኝ ግን ጭሱ ይከተላል። ኮንትሮለሩ የሚችለው የባትሪ ክፍል ብዛትም መታየት አለበት፤ ከአምፔር መብዛት ኮንትሮለሩ አንዳንዴ በማረፍ ይተርፋል፤ ከቮልት መብዛት ግን ገና ባትሪው ሲሰካ ይሞታል።

በሞተሩ ላይ 3650 ወይም 3660 የሚል ሌላ ቁጥር ሲገኝ ደግሞ ይህ መጠኑ ነው፤ 36 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 50 ወይም 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። የአውሮፕላን መጫወቻ ሞተር ሠሪዎች በተመሳሳይ አጻጻፍ የሚለኩት ብዙውን ጊዜ ቅርፊቱን ሳይሆን የውስጡን ጥቅል መያዣ ስለሆነ፣ የሁለቱን ቁጥር አስተያይቶ የሚገዛ ሰው ጫማ በቆብ ቁጥር እንደገዛ ይቆጠራል። ከባድ መኪና ረዘም ያለ ሞተር ትፈልጋለች፤ ብረትና መዳብ ሲበዛ ሙቀቱ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

በባትሪው ላይ የሚገኘው «ሲ» የሚለው ቁጥር አዝማሪ ለከፋዩ ከሚያሰማው ውዳሴ ብዙም አይለይም። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ 50 ሲ የተባለ ባትሪ 5 አምፔር በ50 ተባዝቶ 250 አምፔር እሰጣለሁ ይላል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ግማሹን ማመን ይበቃል። ማንቆርቆሪያው ጡቱ የጠበበ ከሆነ የቮልቱ መጠን በጭነት ጊዜ ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ በኮንትሮለሩ አንገት ላይ የተሰቀሉት ካፓሲተሮችም፣ ማለትም የቮልቱን መዋዠቅ የሚያለዝቡት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጋኖች፣ ክፍተቱን ለመሙላት ሲደክሙ ይግላሉ። ከዚህ ይልቅ ልብ ማለት የሚገባው አንድ ትንሽ ቅንብር ነው። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ አንዱ ክፍል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ኮንትሮለሩ ከዚያ በፊት እንዲያቆም የባትሪው ዓይነት በትክክል ሊነገረው ይገባል። የድሮው ኒኬል ባትሪ እንደተሰካ ተደርጎ ከተቀመጠ፣ ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆኖ እስኪቃጠል ድረስ ይቀዳል፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ በአያሃ ፀሐይ ሥር ከመጫወቻነት ወደ ምድጃነት ለመለወጥ ብዙ አይፈጅበትም። ኮንትሮለሩ ለመሪው ሞተርና ለሪሞቱ ተቀባይ ትንሽ ቮልት የማካፈል የጎን ሥራ እንዳለበትም ማስታወስ ይበቃል፤ መሪው በድንገት ሲዝልና ተቀባዩ ሲፈዝ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው የጎን ሥራ ነው።

ሁሉም ነገር ከተገዛና ከተገጠመ በኋላ የሚቀረው መሣሪያ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ጣት ይባላል። መኪናዋ አምስት ደቂቃ ተነድታ እንደቆመች ጣት በሞተሩ ቅርፊት፣ ቀጥሎም በኮንትሮለሩ ላይ ይደረጋል። ጣቱ ከሁለት ሦስት ሴኮንድ በላይ መቆየት ካልቻለ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ተጠግቷል ወይም አልፏል፤ ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱን ማጣት ስለሚጀምር፣ አንዴ የጠፋውም ጉልበት ሲቀዘቅዝ ሁሉ ስለማይመለስ፣ የቀረው ርቀት አጭር ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ተጨማሪ ማራገቢያ ሊገዛ ይነሣል። ማራገቢያው ግን የሚያራግበው የአያሃን የሳሳና አቧራማ አየር ነው፤ አቧራው በኩሽኔታው ውስጥ ከገባ ደግሞ አዲስ መከራ ይጨመራል።

መድኃኒቱ ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ይገኛል። ጋራዦች «ኮሮናና ፒኞን» እያሉ ከሚጠሯቸው ጥንድ ጥርሶች ትንሿ፣ ፒኞኗ፣ 13 ጥርስ ካላት በ12 ትተካ፤ መኪናዋ ከፍጥነቷ ስምንት ከመቶ ያህል ታጣለች፤ ሞተሩ ግን ሸክሙ ስለሚቀልለት የሚጠጣው ይቀንሳል፤ የአሳላፊውም ላብ ከዚያ በበለጠ ይቀንሳል። ጣቱ አሁንም ካልቻለ በ11 ትተካ። አንዲት ፒኞን ከአንድ ኮንትሮለር ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለመቀየርም አንዲት ትንሽ ቁልፍና ሩብ ሰዓት ይበቃታል።